ሚስቱን ጄሊፊሽ ውስጥ ያያት ሰው

ሰው በልደቱ ቀን ሻማ ያጠፋል፣ ኬክ ይቆርሳል። የዛሬው ባለታሪካችን ግን 30ኛ ዓመቱን የያዘው ሚስቱን እየቀበረ ነው ቢባል ይቀላል። ቀኑ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1864 ነበር (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሰውየው ኤርንስት ሄከል ይባላል፤ በጀርመን የየና ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ መምህር ነበር። ሟች ሚስቱ ደግሞ አና ዜተ ትባላለች።

አና በእናቱ በኩል የአክስት የአጎት ልጅ ነበረች። እኛ አገር ሰባት ቤት ተቆጥሮ «ጉድ!» የሚባልበት ነገር ነው፤ በእነሱ ዘንድ ግን ያን ጊዜ የተለመደ ነበር። በ1858 ተጫጩ፣ በኦገስት 1862 ተጋቡ። በመሀሉ እሱ ኢጣሊያ ወርዶ በኔፕልስና በሜሲና የባህር ዳርቻዎች በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የባህር ፍጥረታትን ሲሰበስብና ሲስል፣ ለእሷ ደብዳቤ ሲጽፍ ከረመ። ትዳራቸው የቆየው ስንት ጊዜ መሰላችሁ? አንድ ዓመት ተኩል። በቃ።

ወዳጆቼ፣ ይህ ሰው ያኔ አብዷል ማለት ይቻላል። ወላጆቹ ፈርተው ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ ኒስ ላኩት። እዚያ በባህሩ ዳር ብቻውን ሲንገላወድ አንድ ቀን በውሃው ውስጥ አንዲት ትንሽ ጄሊፊሽ አየ። (ጄሊፊሽ ማለት ዓሣ አይደለም። አጥንት የለው፣ አእምሮ የለው፣ ልብ የለው፤ ጃንጥላ የመሰለ፣ ውሃ ራሱ የረጋ የሚመስል ፍጥረት ነው።) ከጃንጥላዋ ስር የሚወርዱት ክሮች ወርቃማ ናቸው። የአናን ጸጉር መሰሉት። ተቀምጦ አያት፣ ሳላት፣ ስምም አወጣላት... ሚትሮኮማ አኔ። «አኔ» በላቲን «የአና» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ታሪኩ የሐዘን ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። አላቆመም። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ ስለ ጄሊፊሾች በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ አንዷን እጅግ ውብ ዝርያ ዴስሞኔማ አናሴቴ ብሎ ሰየማት። ይህ ስም የሚስቱ ሙሉ ስም ነው። በማብራሪያውም ስሙ ለአና መታሰቢያ መሆኑን፣ የሕይወቱን ደስተኛ ዓመታት ያገኘው ከእሷ እንደነበር ሳይደብቅ አስፍሮታል። በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ! እኔ ከ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ የዘለለ ዕውቀት የለኝም፤ ግን መማሪያ መጽሐፋችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ኖሮ ውጤቴ ይሻሻል ነበር ብዬ አስባለሁ።

አናሴቴ ዓለም ያወቃት ግን በሥዕል ነው። ሄከል ከ1899 እስከ 1904 ባሉት ዓመታት «የተፈጥሮ የጥበብ ቅርጾች» የሚል ትርጉም ያለው የሥዕል መጽሐፍ አወጣ። አሥር አሥር ሥዕል እየሆነ በአሥር ክፍል የታተመ ነው፤ ጠቅላላው 100 ገጽ ሥዕል። ሸርጣኑ፣ ኮራሉ፣ የባህር ኮከቡ፣ ባርናክሉ፣ ጄሊፊሹ... አብዛኛው የባህር ጉድ ነው። አናሴቴ 8ኛው ሥዕል ላይ አለች። ገጹን ስታዩት ጠቅላላው ነገር የተፈታ የሴት ጸጉር ነው፤ ይወርዳል፣ ይጠቀለላል፣ ይተጣጠፋል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው «እንዴት ያምራል!» ብሎ ያልፋል። ታሪኩን ያወቀ ግን ዓይኑን መንቀል ይቸግረዋል።

በነገራችን ላይ የእነዚህ ሥዕሎች ባለቤት ሄከል ብቻ አይደለም። እሱ የሳለውን ለኅትመት ያበቃው አዶልፍ ጊልች የሚባል የየና ከተማ ባለሙያ ነው። አሠራሩ ሊቶግራፍ ይባላል፤ ዘዴው ገራሚ ነው። ለስላሳ ሆኖ በተፋቀ የኖራ ድንጋይ ላይ ስብ ባለው እርሳስ ይሳላል። ከዚያ ድንጋዩ በውሃ ይርሳል። ውሃና ስብ ስለማይዋደዱ፣ ቀለሙ ሲዳመጥበት በተሳለው መስመር ላይ ብቻ ይይዛል፤ እርጥቡ ቦታ ቀለም አይቀበልም። ወረቀቱ ይጫንበታል፣ ሥዕሉ ይወጣል። ሥዕሉ ባለብዙ ቀለም ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱም በየድንጋዩ ላይ ዝንፍ ሳይል መግጠም አለበት። አንዲት የጸጉር ስፋት ከተዛነፈ ገጹ ተበላሸ ማለት ነው። ከነሱ በፊት በነበረው ዘመን ደግሞ በመዳብ ላይ ተቀርጾ በጥቁር ይታተምና ሴቶችና ልጆች ተደርድረው እየተቀመጡ አንድ በአንድ በእጅ ቀለም ይቀቡት ነበር። ስማቸው የትም የለም።

የሄከል ሥዕሎች ሙዚየም ውስጥ ተቆልፈው አልቀሩም። በ1900 በፓሪስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሬኔ ቢኔ የተባለው አርክቴክት ግዙፉን ዋና በር የሠራው ከሄከል ጥቃቅን የባህር ፍጥረታት ሥዕል ተነስቶ ነው። ሕዝቡ በዓይን የማይታይ ነፍሳት በሚመስል በር ስር እያለፈ ገባ ማለት ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ይህን ታሪክ ለምን እዚህ አምድ ላይ አመጣሁት? በዚህ መሀል አንዲት ሴት ስላለች ነው፤ ማንም የማይጠይቅላት።

ሄከል በ1867 ሁለተኛ ሚስት አገባ። አግነስ ሁሽከ ትባላለች፤ ሦስት ልጆች ወልዳለታለች፣ እስከሞተችበት እስከ 1915 ድረስ አብራው ኖራለች። ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት! በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቤት ሠሩ። ቤቱን ምን ብሎ ሰየመው? «ቪላ ሜዱዛ»። ሜዱዛ ማለት ጄሊፊሽ ነው። ጣሪያው ላይ ጄሊፊሽ አሳለ። ቀና ስትል ጄሊፊሽ፣ ባሏ ጠረጴዛ ላይ ጄሊፊሽ፣ በመጽሐፉ ውስጥ የቀድሞዋ ሚስት ስም። እስቲ ራሳችሁን በአግነስ ቦታ አድርጉት።

ይህን የማነሳው በቅርቡ አንዲት የማውቃት ልጅ ሻይ ልጋብዝሽ ብላ ወስዳኝ ያጫወተችኝን ስለማልረሳ ነው። 27 ዓመቷ ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ልታገባው ያሰበችው ሰው ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጅም አለችው። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ የመጀመሪያ ሰርጉ ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል።

«ሶፋው ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ታየኛለች» አለችኝ። «ክፉ ሰው እንዳልመስል እፈራለሁ። የሞተ ሰው ላይ ይቀናል እንዴ?»

«አውርደው ብለሽዋል?»

«ምን በወጣኝ! እሱ ራሱ እንዲገባው ነው የምፈልገው።»

እናቷን ስታማክር «ዝም ብለሽ ግቢ፣ ቀስ እያልሽ ታወርጂዋለሽ» አሏት። ጓደኛዋ ደግሞ «ወይ እሷ ወይ እኔ በይው» አለቻት። ሁለቱም ምክር አልተዋጠልኝም። የእናትየው ምክር የሰው ቤት ገብቶ በድብቅ መዘረፍ ይመስላል፤ ልጅቷ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእናቷ ፎቶ ጠፍቶ ብታገኝ ጥፋተኛዋ ማን ሊባል ነው? የጓደኛዋ ደግሞ ከሞተ ሰው ጋር መፎካከር ነው፤ ሟች አታረጅ፣ አትቆጣ፣ ወጥ አታሳርር። ማን ያሸንፋታል?

የሄከልን ታሪክ ነገርኳት። ስታደምጥ ቆይታ «አግነስ ምን አለች ታዲያ?» አለችኝ። የዚህች ልጅ ችግርም ይኸው ነው፤ አግነስን የሚጠይቅ የለም። እሷም ብትሆን እስካሁን አልተጠየቀችም፣ አልተናገረችም።

የታሪኩን ቀሪ ክፍል ስጨርስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። ሄከል ዕድሜው 60ዎቹን ከተሻገረ በኋላ፣ በ1898፣ ፍሪዳ ፎን ኡስላር ግላይሽን ከምትባል የመኳንንት ወገን ሴት ጋር መጻጻፍ ጀመረ። እሷ የተወለደችው በ1864 ነው፤ አና በሞተችበት ዓመት። ደብዳቤው በመቶዎች የሚቆጠር ሆነ፤ ነገሩም ከሳይንስ አልፎ ፍቅር ሆነ። አግነስ ቤት ውስጥ አለች፣ ታማለች። እሱ ምን አደረገ? በዚያው መጽሐፍ፣ በ88ኛው ሥዕል ላይ፣ ሌላ ጄሊፊሽ አወጣ፤ ስሟንም ሮፒሌማ ፍሪዳ አላት! አንዷ ጄሊፊሽ ለሟች፣ አንዷ ለውሽማ። ልጆቹን ላሳደገችው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አብራው ለኖረችው ሚስቱስ? በመጽሐፉ ውስጥ የእነዚያን ያህል የታወቀ ጄሊፊሽ የላትም።

ፍሪዳ በ1903 መጨረሻ ላይ ሞተች። ደብዳቤዎቹ በ1927 ስሟ ተቀይሮ በመጽሐፍ መልክ ወጡ፤ አንባቢም እንደ ልቦለድ ተሻማበት።

እኔ ለልጅቷ ያልኳት ይህን ነው፦ የአናን ሥዕልና የፍሪዳን ሥዕል አንድ አታድርጊያቸው። የአና ሥዕል በአደባባይ የተሰቀለ ነው፤ ለምን እንደተሰየመች ራሱ ጽፎታል። የፍሪዳ ስምም ገጹ ላይ አለ፤ ከኋላው ያለው ግን ተደብቋል። ያንቺ ሰው ፎቶውን ሳሎን የሰቀለው የሚደብቀው ስለሌለው ነው። መፍራት ያለብሽ ግድግዳ ላይ ያለውን አይደለም። ግን ደግሞ ሳሎኑ ያንቺም ሊሆን ነው፤ ስለዚህ ከሰርጉ በፊት አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። «አውርደው» ሳይሆን «ይህ ፎቶ የት ቢሆን ደስ ይልሃል? ልጅቱ መኝታ ቤት ቢሆንላት እሷ ምን ትላለች?» በይው። ስለ ሟችም ጠይቂው፤ ምን ትወድ ነበር፣ በምን ትስቅ ነበር። ስሟን አንቺ ፊት መጥራት ከፈራ ነው ነገር የሚበላሸው።

ጠይቃዋለች። ሁለት ቀን ዝም አላት። በሦስተኛው ቀን ደውሎ «ልጄን አማክሬ እነግርሻለሁ» ብሏታል። እስካሁን ያለው ይኸው ነው።

ስለ ሄከል አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ይህ የሚያምር እጅ ያለው ሰው የሰው ልጆችን በዘር ደርድሮ አውሮፓዊውን ከላይ፣ ጥቁሩን ከታች አድርጎ የጻፈም ነው። ሥዕሎቹንም ቢሆን የሙያ ባልደረቦቹ «ተፈጥሮን ከሚገባው በላይ አሳምረሃል፣ አስተካክለሃል» እያሉ ተችተውታል። ሥዕሉን ልወደው እችላለሁ፤ ሰውየውን ግን ቤቴ አልጋብዝም።

ቤቴ ብጋብዝ ደስ የሚለኝ ሌላኛውን ነው፤ እንግሊዛዊውን ቻርልስ ዳርዊንን። ዳርዊን ሲባል ሁላችንም «ሰው ከጦጣ...» የሚለውን ክርክር ነው የምናስታውሰው። ከዚያ ክርክር በፊት ግን ከ1846 እስከ 1854 ድረስ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ባርናክል ላይ ብቻ ተደፍቶ ነበር!

ባርናክል ማለት በመርከብ ሆድ፣ በወደብ ምሰሶና በባህር ዳር አለት ላይ የሚጣበቅ ቅርፊት ለባሽ ነው። ቀንድ አውጣ ይመስላል እንጂ የሸርጣን ዘመድ ነው። ዳርዊን ነገሩን የጀመረው በ1835 ከቺሊ የባህር ዳርቻ ባገኛት፣ የሌላ እንስሳ ቅርፊት በስታ በምትኖር አንዲት ኢምንት ባርናክል ነው። እሷን ልመድባት ሲል ሌሎቹን ማወቅ ግድ ሆነበት፤ ከዓለም ዙሪያ በፖስታ እየተላከለት፣ የብሪትሽ ሙዚየምም ስብስቡን እያዋሰው ቤቱ ባርናክል በባርናክል ሆነ። ልጆቹ አባት የሚባል ሁሉ ሥራው ይህ ስለመሰላቸው፣ አንዱ ስለ ጎረቤት ሰውዬ «እሱ ባርናክሉን የሚሠራው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። ዳርዊን ራሱ በመጨረሻ ባርናክል የሚባል ነገር ማየት አስጠልቶት ነበር።

ከእነዚያ ስምንት ዓመታት በአንዱ፣ በኤፕሪል 1851፣ የ10 ዓመት ልጁ አኒ ሞተችበት። የመጀመሪያዎቹ የባርናክል ጥራዞችም የዚያው ዓመት ናቸው። ለእሷ መታሰቢያ የሚሆን እንስሳ አልሰየመም። ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰ። አንዳንዱ ሰው ሐዘኑን እንዲህ ነው የሚይዘው፤ እህል ውሃ እንደሚል ሰው ሥራ ይላል።

የመጽሐፎቹን ሥዕሎች የሳለው ጆርጅ ሳወርቢ የተባለ፣ በቤተሰብ የዚህ ሙያ ባለቤት የሆነ ሰው ነው። እንደ ሄከል ያሸበረቁ አይደሉም፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጠንቃቃ፣ ደረቅ ናቸው። የሚያሳዩት ነገር ግን ደረቅ አይደለም። ዳርዊን አንዳንዶቹን ዝርያዎች ሲከፍት ሴቲቱን ብቻ ያገኘ መሰለው። ወንዱስ? ሲያጠብቅ ለካ ጥገኛ ተባይ ብሎ ሊጥላቸው የነበሩት ሚጢጢዎች ባሎቿ ኖረዋል! በ1849 ለወዳጁ ለጂኦሎጂስቱ ላይል በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ሴቲቱ በቅርፊቷ ላይ ባሉ ሁለት ኪሶች ውስጥ አንዳንድ ትንሽ ባል አስቀምጣ እንደምትኖር በመገረም ነግሮታል። ባል በኪስ! አንዳንድ የማውቃቸው ሴቶች ይህን ሲሰሙ የት እንደሚገኝ ጠይቀውኛል።

እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ አመራረጡ ነው። ባርናክል ሲፈለፈል ዋናተኛ ነው፤ ውሃው እንደወሰደው ይዞራል። አንድ ቀን መቀመጫ መፈለግ ይጀምራል። በጭንቅላቱ ላይ ባሉት ቀንዶች አለቱን እየዳሰሰ ይራመዳል፤ ይሞክራል፣ ይተወዋል፣ ሌላ ይሞክራል። ዘመዶቹ ያሉበትን ይመርጣል። ሲቆርጥ ከራሱ ሙጫ አውጥቶ በጭንቅላቱ ይጣበቃል፣ ዙሪያውን ቅርፊት ይገነባል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ተዘቅዝቆ ቆሞ፣ በእግሮቹ ምግቡን ከውሃ እየቀዘፈ ወደ አፉ ያስገባል። ፍቺ የለም። ቤት መቀየር የለም።

ባርናክል ቀድሞም የሥዕል ባለታሪክ ነበር፤ ያኔ ግን ሥዕሉ ውሸት ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ውስጥ አንድ የዝይ ዓይነት ጎጆ ሲሠራ ያየ ሰው አልነበረም፤ ወፉ የሚፈለፍለው ሰሜን ዋልታ አካባቢ ነውና። በተንሳፋፊ እንጨት ላይ የሚንጠለጠለው ባለ አንገት ባርናክል ደግሞ የዝይ ጭንቅላት ይመስላል። ስለዚህ «ዝይው የሚወለደው ከዚህ ነው» ተባለ። እንግሊዛዊው ጆን ጄራርድ በ1597 ባወጣው የዕፅዋት መጽሐፍ ላይ ባርናክል ያፈራ ዛፍና ከሱ የሚወድቁ ዝይዎች ሥዕል አለ! ከዚያም አለፈ፤ ከባህር ከተገኘ ሥጋ አይደለም ብለው በጾም ዝይ የበሉ የሃይማኖት አባቶች ነበሩ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጄራልድ የተባለው የዌልስ ቄስ ይህን ጽፎ ነቅፏቸዋል። እኛ አገር በዓሣው ላይ እንኳ ክርክሩ አላለቀም፤ ዝይ ቢጨመርበት ምን ሊሆን ነበር?

ለእኛ ሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከ1820 ጀምሮ ሄምፕሪሽና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናዊ ወዳጆች የቀይ ባህርን ፍጥረታት ሊሰበስቡ መጥተው፣ ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞቶ ቀርቷል። ኤረንበርግ ብቻውን ተመልሶ ሥዕሎቹን ባሳተመ ጊዜ የሟች ጓደኛውን ስም ከራሱ ጋር አብሮ አወጣ። እነዚያን ገጾች ስታዩ ዓሣ ብቻ አትዩ።

ሥዕሎቹን ቤቴ ልስቀል ለምትሉ፦ ባለቤቶቹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የቅጂ መብቱም አልፏል። የብዝኃ ሕይወት ቅርስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥንታዊ መጻሕፍቱ በነፃ ይገኛሉ፤ አውርዳችሁ ወፈር ባለና በማያብለጨልጭ ወረቀት ማሳተም ነው። «የ100 ዓመት ኦሪጅናል ነው» ብሎ ውድ ዋጋ የሚጠራባችሁ ካለ ማጉያ መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። ቀለሙ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሆኖ ከታየ የዘመኑ ኅትመት ነው፤ የድንጋይ ኅትመት የሚያሳየው እንደ እርሳስ ዱካ ያልተስተካከለ ፍርፍር ነው። በመዳብ የታተመ ከሆነ ደግሞ በሥዕሉ ዙሪያ መዳቡ ተጭኖ የሠራው ሰርጎድ ያለ ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፣ ይነጣል። ሥዕሉ መስታወቱን እንዳይነካ በመሀል የወፍራም ወረቀት ክፈፍ አስገቡ፤ አለዚያ እርጥበት ሲይዘው ይጣበቃል። ለፍሬም ሠሪው ደግሞ «በኮላ እንዳትለጥፈው» ብላችሁ ንገሩት። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይሆንም፣ እንፋሎት አለ።

እኔ ያሳተምኩት 57ኛውን ነው፤ ሄከል የሳላቸውን ባርናክሎች። ፍሬም ቤት ያለው ልጅ ገልብጦ አስገባው። እንስሳው ራሱ በጭንቅላቱ የሚቆም ስለሆነ እንዳለ ሰቀልኩት።